የባለሙያው ቀብድ፦ መሄድና መቆየት በገበያ ዓይን

በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ለምሳሌ እንውሰድ። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና (አይኢኤልትስ) ወስዳ የሚፈለገውን ውጤት ካገኘች ዓመት አልፏታል። የትምህርት ማስረጃዋ ተረጋግጧል፣ ፓስፖርቷም በእጇ ነው። ይሁን እንጂ እስካሁን አልሄደችም። ጎረቤት "ስትወላውል ጊዜዋን ፈጀች" ይላል። የምጣኔ ሀብት ሰዎች ግን የነርሷን አድራጎት ቤት ለመግዛት ቀብድ አስይዞ ዋጋውን ከሚጠባበቅ ሰው ጋር ያመሳስሉታል።

ስደትን እንደ ኢንቨስትመንት ቆጥሮ ማስላት የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ላሪ ስጃስታድ የተባሉ አሜሪካዊ ባቀረቡት ጽሑፍ መሰረት ተጓዡ ወጪውን ዛሬ ያወጣል፣ ትርፉን በሚቀጥሉት ዓመታት ይሰበስባል፤ ትርፉ ከበለጠ ይሄዳል። በዚህ ስሌት ብቻ ቢሆን ኖሮ የደመወዙ ልዩነት ይህን ያህል ሰፍቶ አገር ቤት የሚቀር ባለሙያ ባልተገኘ ነበር።

ጀርመን ሁለት ሆና ቆይታ ስትዋሐድ ይኸው ጥያቄ ተነስቷል። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የጎረፈው ሕዝብ ብዙ ነበር። ከዚያ በኋላ የደመወዙ ልዩነት ሳይጠፋ ፍልሰቱ ቀነሰ። ማይክል ቡርዳ የተባሉ ተመራማሪ የሰጡት ማብራሪያ፣ መጠበቅ በራሱ ዋጋ አለው የሚል ነው። የነገው ሁኔታ በማይታወቅበት፣ አንድ ጊዜ የወጣ ወጪም በማይመለስበት ጊዜ፣ ጥቂት ቆይቶ ማየት ያዋጣል። ቋሚ የሥራ መደቧን የለቀቀች ነርስ ሐሳቧን ብትቀይር መደቡ እንደማይጠብቃት ታውቃለች።

ነገር ግን መጠበቅ በነፃ አይገኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ነበር። በመስከረም 2018 ዓ.ም. 140 ብር ገደማ ደርሷል። ለፈተና፣ ለምዝገባ፣ ለቪዛና ለአውሮፕላን በድምሩ 3,000 ዶላር ያስፈልጋል ብንል፣ ወጪው ከ172,500 ብር ወደ 420,000 ብር ከፍ ይላል ማለት ነው። በወር 5 ሺህ ብር ማስቀመጥ የምትችል ነርስ (መቻሏ ራሱ ያጠራጥራል) ሦስት ዓመት የማይሞላው ቁጠባዋ ሰባት ዓመት ይፈጅባታል። እርግጥ ነው፣ ቀድሞም ቢሆን ከባንክ ዶላር ማግኘት ለማንም የሚሳካ አልነበረም፤ ከጥቁር ገበያ የገዛ ሰው ያኔም ከ100 ብር በላይ ይከፍል ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ የማይነገር ነገር አለ። እህቷ ውጭ አገር ያለች ነርስ ወጪዋ የሚሸፈነው በዶላር ስለሆነ የብሩ መውደቅ አይነካትም። ዘመድ የሌላት የሥራ ባልደረባዋ ግን የምትፈልገው ደመወዝ በብር ሲሰላ እየጨመረ፣ መሄጃ ገንዘቡም በዚያው ልክ እየራቃት ይሄዳል። ማን ይሄዳል የሚለውን ከሙያ ችሎታ ይልቅ ዘመድ የሚወስነው እንዲህ ሲሆን ነው።

አገር ቤትም ነገሮች ባሉበት አልቆሙም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር እንዲያድግ ተደርጓል። ለጠበቀ ሰው ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ በ140 ሲካፈል ግን 82 ዶላር ነው።

የተቀባይ አገሮች በርም የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። ብሪታንያ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ለአረጋውያንና ለሕሙማን ተንከባካቢዎች ከውጭ የሚደረገውን አዲስ ቅጥር ዘግታለች፤ ለነርሶች ግን አልዘጋችም። አሜሪካ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ለአዲስ የኤች-ዋን-ቢ የሥራ ቪዛ 100 ሺህ ዶላር ክፍያ ጥላለች። እንዲህ ያለው ዜና ሰውን ከመግታት ይልቅ አንዳንዴ ያጣድፈዋል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1962 የኮመንዌልዝ ስደተኞችን የሚገድብ ሕግ ከማውጣቷ በፊት የገባው ሰው ቁጥር ያሻቀበው በዚሁ ምክንያት ነበር። በሩ ሊዘጋ ነው ብሎ የሚሰጋ ሰው፣ መጠበቁ የሚያስገኝለት ጥቅም በአንድ ጊዜ ይጠፋበታል።

የነርሷ ቀብድም የጊዜ ገደብ አለው። የቋንቋ ፈተናው ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው። አንዱ ዓመት አልፏል። በቀረው ጊዜ ካልተንቀሳቀሰች ፈተናውን በአዲሱ ምንዛሪ እንደገና መክፈል ይኖርባታል።