«ቀልብ መሰብሰብ»፦ ንቃተ ልቡና በቻን የሻይ ሥርዓትና በሐረር አካባቢ የቃህዋ ዱዓ

መግቢያ

የቻይና የሻይ ሥርዓት በዘመናችን የሥነ ልቡና ጽሑፎች ዘንድ ወደ ዜን ንቃተ ልቡና የሚያደርስ መንገድ ተደርጎ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። ጠጪው የውኃውን የፍል ድምፅ እንዲያደምጥ፣ የጽዋውን ሙቀት በመዳፉ እንዲያስተውል፣ ሐሳቡም ካለበት ቅጽበት እንዳይርቅ ይመከራል። ለእኛ አገር ተመራማሪም ይኸንኑ ስያሜ ወስዶ በቡና ሥርዓታችን ላይ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ከሰሉ፣ ዕጣኑ፣ ጀበናውና ስኒው ለንጽጽር የተዘጋጁ ይመስላሉና። ይህ አጭር ጽሑፍ ንጽጽሩ በምን ያህል እንደሚጸና፣ በምንስ ላይ እንደሚያሳስት ይመረምራል። መነሻው የሐረር ከተማና በዙሪያዋ ያለው ገጠር፣ በተለይም ከሐረሪ ክልል የገጠር ወረዳዎች አንዱ የሆነው ድሬ ጠያራ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ እንዲህ ነው፦ ሁለቱ ሥርዓቶች በእርግጥ ይመሳሰላሉ፤ የሚመሳሰሉት ግን ዛሬ «ንቃተ ልቡና» በሚባለው የግል መዝናኛ ሳይሆን አካልን በማኅበር ውስጥ በመግራት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ሻይ በቻን ገዳማት

«ዜን» የቻይንኛው «ቻን» የጃፓን አጠራር ሲሆን፣ «ቻን» ደግሞ በሳንስክሪት ጥሞናን ከሚያመለክተው «ድያና» የመጣ ነው። በታንግ ሥርወ መንግሥት የነበረው ጸሐፊ ፌንግ ያን እንደ መዘገበው፣ በካይዩዋን ዘመን (713–741) በታይ ተራራ የሊንግያን ገዳም ያስተምር የነበረ አንድ የቻን መምህር፣ ደቀ መዛሙርቱ በጥሞና ጊዜ እንዳይተኙና ማታ ምግብ እንዳይቀምሱ ሲያዝዝ ሻይ መጠጣትን ግን ፈቀደላቸው፤ ልማዱም ከዚያ ወደ ሕዝቡ ተዛመተ። በዚያው ምዕተ ዓመት የሻይን መጽሐፍ የጻፈው ሉ ዩም ያደገው በቡድሃ ገዳም ነበር። ስለዚህ ሻይ ወደ ገዳም የገባው በመጀመሪያ ለጣዕሙ ሳይሆን ሌሊቱን ነቅቶ ለማደር ስለሚረዳ ነው።

በ1103 በቻንግሉ ዞንግዜ የተጠናቀረው የቻን ገዳማት ደንብ የነገሩን ሌላ ገጽታ ያሳያል። ደንቡ ሻይ የሚጋብዘው ማን እንደሆነ፣ እንግዳው የት እንደሚቀመጥ፣ ዕጣን መቼ እንደሚጨስ፣ ጽዋው እንዴት እንደሚያዝ፣ ጠጪው ድምፅ ሳያሰማ እንዲጎነጭና ከጠጣም በኋላ እንዴት እንደሚያመሰግን በዝርዝር ይደነግጋል። ስለ ውስጣዊ ሰላም የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ስለ ቅደም ተከተል፣ ስለ አክብሮትና ስለ እንቅስቃሴ የሚናገረው ግን ብዙ ነው። አንድ መነኩሴ ቀልቡ መሰብሰቡ የሚታወቀው በስሜቱ ሳይሆን ጽዋውን በሚያስቀምጥበት አኳኋን ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ «የሻይ ጥበብ» እየተባለ የሚቀርበው የተረጋጋ ትርኢት አብዛኛውን መልኩን ያገኘው በ1970ዎቹ በታይዋን ነው። በክሊኒክ የሚሰጠው የንቃተ ልቡና ሥልጠናም ጆን ካባት-ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ከጀመረው መርሐ ግብር የሚነሣ ነው። ገዳማዊው ሥርዓት፣ ዘመናዊው የሻይ ጥበብና ክሊኒካዊው ሥልጠና ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሲሆኑ፣ የአንዱን ስም ለሌላው መስጠት የመጀመሪያው የንጽጽር ስሕተት ነው።

ቃህዋ በሱፊዎች ዘንድ

የቡና መንፈሳዊ ታሪክ ከሻዩ ጋር የሚገርም ትይዩነት አለው። አብዱልቃድር አል-ጀዚሪ በ1558 ገደማ በጻፈው ድርሳን እንደሚተርከው፣ በ1470 ገደማ ያረፈው የኤደኑ ሙፍቲ አል-ዘብሃኒ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ አፍሪካ ምድር በሄደ ጊዜ ሰዎች ቃህዋ ሲጠቀሙ አየ። ወደ ኤደን ተመልሶ በታመመ ጊዜ ይህንኑ ቢጠጣ ድካምንና መፍዘዝን የሚያርቅ ሆኖ አገኘው። በኋላም የሱፊን መንገድ በተከተለ ጊዜ እርሱና ባልንጀሮቹ ለሌሊት አምልኮ ይጠቀሙበት ጀመር። ተሻግሮ ያየው ስፍራ የትኛው እንደሆነ ትረካው ባይለይም፣ አቅጣጫው ወደ እኛው ቀጣና መሆኑ ግልጽ ነው።

ይኸው ድርሳን በካይሮ ይኖሩ የነበሩ የየመን ሱፊዎች በየሰኞውና በየዓርቡ ዋዜማ እንዴት ይሰበሰቡ እንደነበር ያሳያል። ቃህዋው በትልቅ ቀይ የሸክላ ዕቃ ይቀመጣል፤ መሪያቸው በትንሽ መጭለፊያ እየቀዳ ከቀኝ ጀምሮ በየተራ ያድላል፤ ተቀባዮቹም ዚክር ይላሉ። በሌላ የየመን ልማድ ደግሞ ቃህዋ ሲጠጣ «ያ ቀዊይ» («አንተ ኃያል») የሚለው መለኮታዊ ስም 116 ጊዜ ይደገም ነበር። ቁጥሩ ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ በዐረብኛ የፊደላት ቁጥር «ቃህዋ» 100፣ 5፣ 6 እና 5፣ «ቀዊይ» ደግሞ 100፣ 6 እና 10 ሲደመሩ ሁለቱም 116 ይሆናሉ። መጠጡ ያነቃል፤ ስሙ ደግሞ ንቃቱ ወዴት መቅናት እንዳለበት ይጠቁማል። በ1511 የመካው ሹም ኻኢር በይ ቡናን ባገደ ጊዜ ክርክሩ ያተኮረውም በመጠጡ ባሕርይ ላይ ብቻ ሳይሆን በሚጠጣበት ስብስብ ላይም ነበር።

ሐረርና ድሬ ጠያራ

በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው የሐረር ጀጎል 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መቃብር ስፍራዎች እንዳሏት መዝገቡ ይገልጻል። በእነዚህ «አዋች» በሚባሉ ስፍራዎች ዚክሪ ይባላል፤ ከበሮ ይመታል፤ ቃህዋና ጫት ይቀርባል። ካሚላ ጊብ በ1999 ባሳተመችው ጥናት እንዳመለከተችው፣ እነዚህ ስፍራዎች የከተማውን ሐረሪና የዙሪያውን ኦሮሞ በአንድ በረካ የሚያገናኙ ናቸው። ሪቻርድ በርተን በ1855 ወደ ሐረር በገባ ጊዜም ጫት በዑለማ ስብስብ ከዱዓ ጋር ሲቃም ተመልክቷል፤ የቡናው ፍሬ ለሽያጭ እንደሚቆጠብም ጽፏል። ከቡናው ቅጠል የሚፈላው ቁጢ፣ ከገለባው የሚፈላው ሐሸር፣ ወተት የሚገባበትም ሆጃ እስከ ዛሬ በአካባቢው የሚታወቁ መጠጦች ናቸው። እዚህ ላይ ቃህዋ ማለት ሁልጊዜ የተቆላ ፍሬ ማለት እንዳልሆነ ተመራማሪው ልብ ሊል ይገባል።

ድሬ ጠያራ ከስሙ ጀምሮ የሁለት ዓለም መገናኛ ነው። «ድሬ» በኦሮምኛ ሜዳ ሲሆን፣ «ጠያራ» ከዐረብኛ የተወረሰ የአውሮፕላን ስም ነው። እንደ ሌላው የሐረርጌ ገጠር ሁሉ በዚህም ቀጣና ዱዓ የሚደረገው በማኅበር ነው። ወዳጃ በሚባለው ስብስብ ቡና ይፈላል፤ ሽማግሌ ይመርቃል፤ የተሰበሰበው «አሚን» ይላል። የሚቀርበው ጉዳይ የታመመ ሰው፣ የዘገየ ዝናብ ወይም የተጣላ ቤተ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ስኒ በመላው አገራችን «በረካ» መባሉም የዚሁ ምርቃት አሻራ ነው። ይህ ቁርኝት እጅግ የታወቀ ከመሆኑ የተነሣ፣ በሰሜኑ ያለው የኦርቶዶክስ ክርስቲያን እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ድረስ ቡናን የእስላም መጠጥ አድርጎ ይርቀው ነበር።

መመሳሰልና መለያየት

ሁለቱን ሥርዓቶች የሚያቀራርቡ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በሻይም በቡናም ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ያው ካፌይን ነው፤ ሁለቱም መጠጦች ወደ ሥርዓቱ የገቡት እንቅልፍን በመዋጋት ነው። ሁለተኛ፣ በሁለቱም ዘንድ ጽዋ በዘፈቀደ አይነሣም፤ ተራ፣ አቀማመጥና የአቀባበል ወግ አለው። ሦስተኛ፣ ሁለቱም የሚጠይቁት ጊዜ ሊያጥር አይችልም፤ ውኃ እስኪፈላ፣ ቡና እስኪቆላ መጠበቅ ራሱ የሥርዓቱ ክፍል ነው።

ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። የቻን ጥሞና ልቡና በምንም ሐሳብ ላይ እንዳይጣበቅ ያስተምራል። ዚክር ግን ማስታወስ ነው፤ ልብ ከሌላው ሁሉ ባዶ የሚሆነው በአንዱ ስም እንዲሞላ ነው። በወዳጃም ንቃቱ የሚያተኩረው በራስ ስሜት ላይ ሳይሆን በተለመነው አምላክና በተለመነለት ጎረቤት ላይ ነው። የዱዓውን ቡና «ጭንቀት መቀነሻ» ብሎ የሚመድብ ጥናት ታዲያ ስኒውን ይዞ ሁለቱን ተቀባዮች ይጥላል። ውጤቱ ስሕተት ላይሆን ይችላል፤ ተሳታፊዎቹ ያደረጉት ነገር ግን በውስጡ አይገኝም።

ለተመራማሪው የሚጠቅሙ ሦስት ጥቆማዎች

በመጀመሪያ፣ ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ መጠይቅ ከመዘርጋት በፊት የአካባቢውን ቃል መያዝ ያስፈልጋል። «ቀልብ» ከዐረብኛው የልብ ስም መጥቶ በአማርኛ «ቀልብህን ሰብስብ»፣ በኦሮምኛም «ቀልቢ» ሆኖ የማስተዋል መጠሪያ ሆኗል። ቃሉ የተበተነን ነገር መሰብሰብን ስለሚያሳይ ከ«ንቃተ ልቡና» ይልቅ የነገሩን ባሕርይ ያቀርባል። በድሬ ጠያራ ያሉ እናትና ሽማግሌ ቀልብ የሚበተነው በምን፣ የሚሰበሰበውስ በማን እንደሆነ ቢጠየቁ የሚሰጡት መልስ ለሚለካው ነገር መሠረት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የምታፈላዋ ሴት በጥናቱ ውስጥ መቆጠር አለባት። በቻን ገዳማት ሻይ የማፍላት ኃላፊነት ራሱን የቻለ ሹመት ነበረው፤ ማገልገሉም እንደ ልምምድ ይታይ ነበር። በእኛ ዘንድ የቡናውን ቀለም፣ የከሰሉን ግለትና የእንግዳውን ፊት በአንድ ጊዜ የምታስተውለው አፍይዋ ናት። ጠጪዎቹን ብቻ የሚጠይቅ ጥናት በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የተሰበሰበውን ቀልብ ያልፈዋል። ደግሞም የእርሷ ትጋት ጸሎት ነው ወይስ ድካም የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ በተመራማሪው ሊመለስ አይገባም፤ ለእርሷ ሊተው ይገባል።

ሦስተኛ፣ መሬቱን ማየት ይገባል። በሐረርጌ ብዙ ገበሬዎች ቡናን ነቅለው ጫት ተክለዋል፤ ጫት በመስኖ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይሸጣል፤ የቡና ዋጋ ግን ይዋዥቃል። ቡናው ከጓሮ ሲጠፋ ቅጠሉና ገለባውም አብረው ይጠፋሉ፤ ያለ ገንዘብ ይፈላ የነበረው ቁጢ በገበያ የሚገዛ ዕቃ ይሆናል። ጫትም ቢሆን በዱዓ ስብስብ የቆየ ስፍራ አለው፤ ያለ ዱዓ ግን በየመንገዱ ይቃማል። አንድ መጠጥ ከጓሮ ወደ ሱቅ ሲሸጋገር ድሃው ቤት ጎረቤቱን ለዱዓ የሚጠራበት ጊዜ ይቀንስ እንደሆነ በመስክ ሊመረመር የሚችል ጥያቄ ነው።

ማጠቃለያ

የቻን ሻይና የሐረር አካባቢ ቃህዋ ንቃትን በሥርዓት የሚገሩ ሁለት ልማዶች ናቸው። የመጀመሪያው የዓለምን ትኩረት ሲያገኝ ከገዳሙ ደንብ ተነጥሎ የግል መረጋጊያ እስከ መሆን ደርሷል። የሁለተኛው ጥናት ገና በመጀመሩ፣ ቃሉን ከባለቤቶቹ የመውሰድ፣ አፍይዋን የመቁጠርና የጓሮውን ቡና የመመዝገብ ዕድል አሁንም በእጃችን ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራ ጥናት የሌሊቱን ቃህዋ ከሌሎች አገሮች ልማዶች ጋር በትክክል ለማነጻጸር ያስችላል፤ ለዱዓ የተጠራው ጎረቤትም ከንጽጽሩ ውጭ አይቀርም።