በክረምት ሌሊት በአውሬ የቆሰሉ የጓሮ ዶሮዎች አያያዝ

መግቢያ

ድርቅ ጥሪቱን ያሟጠጠበት ቤተሰብ ኑሮውን እንደገና ሲጀምር በመጀመሪያ የሚያፈራው እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ ዶሮ ነው። በሬ ለመግዛት አቅም የሌለው አባወራ አንዲት ቄብ ዶሮ ግን ከጎረቤት በርቢም ቢሆን ያገኛል። ከዕንቁላሏ ሽያጭ ጨው፣ ሳሙናና የልጆች ደብተር ይገዛል፤ ጫጩቶቿ አድገው ሲሸጡ በግ ይገዛባቸዋል፤ በጎቹም ሲረቡ ውለው አድረው ጊደር ያስገኛሉ። በተለይም ቤቱን የምታስተዳድረው እማወራ በሆነች ጊዜ፣ ዶሮ ማንንም ሳታማክር የምታዝዝበት የራሷ ገንዘብ ነው። የአገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ዕንቁላል በአብዛኛው ከ30 እስከ 60 ባለው መጠን የተወሰነ ስለሆነ፣ በአንድ ሌሊት ሦስት ወይም አራት ዶሮዎች ቢጠፉ የሚጠፋው የብዙ ወራት ድካም ነው።

አውሬ የገደላትን ዶሮ ማዳን አይቻልም። ያቆሰላት ግን ገና አልሞተችም። የቆሰሉ ዶሮዎች ብዙ ጊዜ የሚሞቱት በንክሻው ብቻ ሳይሆን፣ ከአደጋው በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓቶች በሚደርስባቸው ብርድ፣ ጥማትና የባልንጀሮቻቸው መንቆር ነው። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዓላማ በሠፈራ ቀበሌዎችና ድርቅ በጎዳቸው ወረዳዎች የሚሠሩ ሠራተኞች፣ ባለቤቲቱን በዚያች የመጀመሪያ ሌሊት ምን ማድረግ እንደሚገባት ማስተማር እንዲችሉ ማዘጋጀት ነው።

ሠፈራና የዶሮ ጠላቶች

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ ብዙውም ያለፈቃዱ፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ በመተከል፣ በአሶሳ፣ በጋምቤላ፣ በወለጋ፣ በኢሉባቦርና በከፋ እንዲሠፍር ተደርጎ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም ደግሞ ሰዎችን በየክልላቸው ውስጥ ወደ ሌላ ወረዳ አዛውሯል። በሁለቱም ጊዜ ብዙ የደጋ ሰው ከማያውቀው አየር፣ ከማያውቀው አፈርና ከማያውቀው ጫካ ጋር ተገናኝቷል።

ደገኛው ዶሮዎቹን የሚያሳድረው ሰው በሚተኛበት፣ በድንጋይ ወይም በወፍራም የጭቃ ምርግ በተሠራ ቤት ውስጥ፣ ከፍ ብሎ በተሰቀለ ቆጥ ላይ ነው። በቆላው ቀበሌ ግን የመጀመሪያዎቹ ጎጆዎች ከእንጨት፣ ከቀርከሃና ከሣር የተሠሩ በመሆናቸው ግድግዳቸው ክፍተት የበዛበት ሆኖ ይገኛል። ሙቀቱም ዶሮዎቹን ከቤት አውጥቶ በደጅ ማሳደርን ያስለምዳል። ክረምት ሲገባ አደጋው ይብሳል። በቆሎና ማሽላ እስከ ደጃፍ ድረስ አድጎ ለአውሬ መደበቂያ ይሆናል፤ ዝናቡ ጣራውን ሲመታ የዶሮዎቹ ጩኸት አይሰማም፤ የግድግዳው እግርም በእርጥበት ይበሰብሳል።

አጥቂውን መለየት

ለጥንቃቄም ሆነ ለሕክምና አጥቂው ምን እንደሆነ መገመት ይጠቅማል። ሸለምጥማጥ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል፤ ከሚበላው በላይ ገድሎ መሄዱም የተለመደ ነው፤ ንክሻውም በአንገትና በራስ ላይ ይበዛል። ቀበሮ ወይም አነር ዶሮዋን ይዞ መሄድን ስለሚመርጥ የሚተወው የተበተነ ላባ ነው። ጭልፊት በቀን የሚመጣ ሲሆን ጫጩቶችን ይነጥቃል፤ ያመለጠችው ዶሮ በጀርባዋ ላይ የጥፍር ቁስል ይታይባታል።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ መጠቀስ ይኖርበታል። ዶሮዎች የቁስል ምልክት ሳይኖርባቸው ሞተው ቢገኙ፣ ወይም በሕይወት ያሉት አረንጓዴ ቢያስቀምጣቸው፣ አንገታቸው ቢጣመምና ትንፋሽ ቢያጥራቸው፣ ነገሩ ፈንግል ሊሆን ይችላልና አውሬን ከመወንጀል በፊት ለእንስሳት ጤና ባለሙያ መንገር ይገባል።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች የሚደረግ እርዳታ

ሀ) መለየት። ዶሮ ቀይ ነገር ባየች ቁጥር ትነቁራለች። ደም የለበሰች ዶሮ ከመንጋው ጋር ካደረች በአውሬ ያልሞተችው በእኅቶቿ መንቁር ትሞታለች። ስለሆነም ከሁሉ አስቀድሞ ለብቻዋ መደረግ አለባት።

ለ) ደምን ማቆም። አንድ ኪሎ የምትመዝን ዶሮ በሰውነቷ ያለው ደም በጠቅላላው ከአንድ የቡና ሲኒ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ በሰው ዘንድ ጥቂት የሚመስለው ደም ለእርሷ ብዙ ነው። ንጹሕ ጨርቅ በቁስሉ ላይ አድርጎ ለጥቂት ደቂቃዎች ሳያነሡ ተጭኖ መያዝ ይገባል። አመድ፣ እበት ወይም ነጭ ጋዝ ማድረግ ቁስሉን ስለሚመርዝ መከልከል አለበት።

ሐ) ማሞቅና ማሳረፍ። የዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ላባዋ በዝናብ ሲርስና ደም ሲፈሳት ይህን ሙቀት መጠበቅ ያቅታታል። በጨርቅ አድርቆ፣ ደረቅ ሣር በተነጠፈበት ቅርጫት ውስጥ አስቀምጦ፣ ሙቅ ውሃ የተሞላና በጨርቅ የተጠቀለለ ጠርሙስ ከጎኗ ማድረግ ይበቃል። ከእሳት ዳር ማኖር ግን ጢሱና ግለቱ ይጎዳታል። ቅርጫቱ አየር በሚያስገባ ጨርቅ ቢሸፈን ጨለማው ድንጋጤዋን ያበርድላታል። ልጆች እየገለጡ እንዳያዩዋት መንገር ያስፈልጋል።

መ) ማጠጣት። ለሕፃናት ተቅማጥ በቤት የሚዘጋጀው ውሃ ለዶሮም ይሆናል፤ ይኸውም በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ማቅረብ ነው። ውሃው ወደ ሳንባዋ ገብቶ እንዳይገድላት በአፏ ማንቆርቆር ክልክል ነው። ጣትን አርጥቦ የመንቁሯን ጫፍ ማስነካት ይበቃል፤ ከፈለገች ራሷ ትጠጣለች።

ቁስልን ማጽዳት

ዶሮዋ ሞቅ ብሏት ከተረጋጋች በኋላ መላ ሰውነቷ ይመረመራል። የአውሬ ጥርስ ከላይ ጠባብ፣ ከውስጥ ግን ጥልቅ ቁስል ይተዋል። በአንድ ወገን የጥርስ ቀዳዳ ከታየ በሌላውም ወገን መኖሩ ስለማይቀር፣ በክንፍ ሥርና በጀርባ ላባውን እየገለጡ መፈለግ ይገባል። በቁስሉ ዙሪያ ያለው ላባ በመቀስ ይቆረጣል እንጂ አይነቀልም።

በግማሽ ሊትር ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቁስሉን በቀስታ ማጠብ ይገባል። አዮዲን ከተገኘ በውሃ ቀጥኖ የቀጭን ሻይ መልክ እስኪይዝ ድረስ መሆን አለበት። ነገር ግን ወፎች ከሳንባቸው ሌላ በደረትና በሆድ ውስጥ የአየር ከረጢቶች ስላሏቸው፣ በደረት ላይ ባለ ጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ ውሃ ማፍሰስ ዶሮዋን ሊያሰምጣት ይችላል። እንዲህ ያለው ቁስል በዙሪያው ብቻ ይጠረጋል። ከታጠበ በኋላ ንጹሕ ማር በስሱ መቀባት ተሕዋስያንን ይከላከላል። የንክሻ ቀዳዳ መሰፋት የለበትም፤ መግሉ የሚወጣበት በር ያስፈልገዋልና።

ከቆዳዋ ሥር አየር ገብቶ ያበጠና ሲዳሰስ የሚንኮሻኮሽ ቦታ ቢገኝ አለመብጣት ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጎድላል። ክንፏ የተሰበረ እንደሆነ በተፈጥሮ እንደሚታጠፈው አጥፎ ከገላዋ ጋር በሰፊ ጨርቅ ማሰር ነው። ዶሮ የምትተነፍሰው ደረቷን እያንቀሳቀሰች ስለሆነ ማሰሪያው ከጠበቀ ያፍናታል። የእግር ስብራት በሁለት ወገን በተሰነጠቀ ቀርከሃና በጨርቅ ይታሰራል። ስብራቱ አጥንቱ ያልወጣ ከሆነ በሦስት ሳምንት ገደማ ሊጠና ይችላል።

በተከታዮቹ ቀኖች

ለስላሳ ገንፎ፣ የተቀቀለ እህልና ጥቂት የተቀቀለ ዕንቁላል ኃይል ይሰጣታል። ቁስሉ በየቀኑ ይታያል። በክረምት ትልቁ ጠላት ዝንብ ነው፤ በቁስል ላይ የጣለችው ዕንቁላል በአንድ ቀን ውስጥ ተፈልፍሎ ትል ሊሆን ይችላል። ትል ከታየ በጨው ውሃ እያጠቡ አንድ በአንድ መልቀም ያስፈልጋል። ቁስሉ ከሸተተ ወይም ዶሮዋ መብላት ካቆመች ወደ እንስሳት ጤና ኬላ መውሰድ ይገባል። በዚያ የመግል መድኃኒት ከተሰጣት፣ ባለሙያው የወሰነው ቀን ሳያልፍ ሥጋዋም ሆነ ዕንቁላሏ አይበላም። ቁስሉ ደርቆ ቆዳ እስኪሸፍነው ድረስ ወደ መንጋው አትመለስም። ከድንጋጤው የተነሣ ለሳምንታት ዕንቁላል ብታቆም መካን ሆናለች ተብሎ ሊፈረድባት አይገባም።

የማረድ ጥያቄ

የመስክ ሠራተኛው አብዝቶ የሚቸገርበት ጉዳይ ይህ ነው። ክርስቲያኑም ሆነ እስላሙ በክት አይበላም። ስለዚህ ቤተሰቡ ዶሮዋ በቆሰለች ሌሊት «ሳትበክት ትታረድ» ብሎ ይቸኩላል። ይህ ችኮላ የስንፍና ሳይሆን የችግር ነው፤ ዶሮዋ ሳትታረድ ከሞተች ሥጋዋም ዕንቁላሏም ይጠፋልና። ሠራተኛው ልማዱን ከመንቀፍ ይልቅ የመለያ ምልክቶችን ቢያስተምር ይሻላል።

አንጀቷ የወጣ፣ ወገቧ ተሰብሮ ሁለቱም እግሮቿ የማይሰማቸው፣ መንቁሯ የተገነጠለ፣ ወይም አጥንቷ ቆዳዋን ቀዶ የወጣ ዶሮ ሥቃይዋ እንዳይረዝም ወዲያውኑ ብትታረድ ይበጃል። አንገቷን ቀና አድርጋ የምትይዝ፣ በእግሯ የምትቆምና ውሃ የምትጠጣ ዶሮ ግን እስኪነጋ ልትጠበቅ ይገባል። ቆዳዋ ሰፊ ሆኖ ቢገፈፍ እንኳ ይህ ብቻውን ለሞት አያበቃም፤ የዶሮ ቆዳ ብዙ ጊዜ ሰው ከሚገምተው በላይ ይጠግጋል።

አጥቂው በጠራራ ፀሐይ የመጣ፣ ሰው የማይፈራና ለሃጩ የሚዝረበረብ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ይጠረጠራል። እንዲህ ባለ አውሬ የተነከሰች ዶሮ በባዶ እጅ ሳትነካ ብትቀበር ይመረጣል። ሰው ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግዴታ ነው።

ጥንቃቄና የሠራተኛው ድርሻ

አንድ ጊዜ የቀናው አውሬ በማግሥቱም ይመለሳል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን፣ በዚያው ቀን ቀዳዳውን መድፈን፣ ቆጡን ከምድር ማንሣት፣ በቤቱ ዙሪያ ያለውን ሣር ማጨድና የሞቱትን ዶሮዎች ርቆ መቅበር ያስፈልጋል። በቀርከሃ አገር የሚኖር ሰው ጣት የማያስገባ ጥብቅ የዶሮ ቤት በእጁ ሊሠራ ይችላል።

በየቀበሌው ያለ ሠራተኛ ንጹሕ ጨርቅ፣ መቀስ፣ አዮዲንና ጨው የያዘች አንዲት ሣጥን ቢያስቀምጥ ወጪዋ ትንሽ ነው። ሪፖርት ሲያደርግም የሞቱትን፣ የቆሰሉትንና የዳኑትን ለየብቻ ይጻፍ። የቆሰለችው ዶሮ ከሞቱት ጋር በአንድ ዓምድ ከተደመረች ለእርሷ የሚሆን እርዳታ አይታሰብም፤ ባለቤቲቱም ያላት ተስፋ በወረቀት ላይ አስቀድሞ ይሰረዛል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ዶሮዎች የሚያድሩት የት ነው? በክረምት ምን ለውጥ ይደረጋል?
2. የቆሰለች ዶሮን በአፏ ማንቆርቆር ስለምን ይከለከላል?
3. ዶሮዋን ለማረድ ለቸኮለች እማወራ የትኞቹን ምልክቶች ታሳያላችሁ?