በጎልማሳነት ዕድሜ ሥራን ስለ መለወጥ

ሰው በልጅነቱ ከአባቱ እጅ የተቀበለውን ሥራ ይዞ እስከ ሽምግልና ቢደርስ ይህ ለእርሱ ታላቅ ዕረፍት ነው። መሬቱን ያውቀዋል፤ ዝናም የሚገባበትን ወር ያውቃል፤ በገበያም ስሙ ይታወቃል። ዳሩ ግን ዕድሜው ከአርባ ሲያልፍ፣ ልጆቹ ገና ከትምህርት ቤት ሳይወጡ፣ ወላጆቹም ጧሪ በሚሹበት ጊዜ ሥራው ከእጁ ቢወጣ ምን ያድርግ? ካህናት በንስሐ ልጆቻቸው ቤት ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይሰሙታል። መልሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለምና በዚህ ጽሑፍ በጥቂቱ ልንመረምረው ወደድን።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር ምሳሌውን ከአንድ አገር እንውሰድ። ሙዱላ የጠምባሮ ልዩ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ወረዳውም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ይቈጠራል። መሬቱ ወደ ኦሞ ወንዝ ሸለቆ የሚወርድ ነው። የአገሩ ገበሬ ለምግቡ እንሰትና በቆሎ ይተክላል፤ ለገንዘብ ግን በሙዱላም፣ በጎረቤቶቿ በሐደሮና በጡንጦም፣ ከዚያም አልፎ በወላይታ የሚታመነው ዝንጅብል ነበር። የልጅ ደብተርና ልብስ፣ የቤት ቆርቆሮ፣ የሰርግ ወጪ ከዝንጅብል ይወጣ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. በዝንጅብሉ ላይ አጠውልግ በሽታ ተነሣ። በሽታው የሚመጣው ባክቴሪያ ከሚባለው በዓይን ከማይታይ ተሕዋስ ነው። ቅጠሉ ይጠቀለላል፤ ቢጫ ይሆናል፤ ላየው ሰው ውኃ የጠማው ይመስላል። ግንዱን ቢስቡት ከሥሩ ተቈርጦ በእጅ ይቀራል፤ ከመሬት በታች ያለውም ይበሰብሳል፤ ይሸታል። በአንድ ወቅት ውስጥ ብዙ ማሳ ጠፋ፤ በዝንጅብል ብቻ ይኖር የነበረ ሰው ባዶ እጁን ቀረ።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ድርቅ ቢመጣ ገበሬው አንድ ዓመት ተቸግሮ በሚመጣው ዓመት ያንኑ ሥራ ይቀጥላል። ይህ በሽታ ግን እንደዚያ አይደለም። የዝንጅብል ዘሩ ራሱ ሥሩ ነውና በሽታው በዘሩ ተሸሽጎ ወደ አዲስ ማሳ ይሻገራል፤ በጎርፍና በዶማ ላይ በተጣበቀ አፈርም ይሄዳል፤ በአፈሩም ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የሚያድነው መድኃኒትም አልተገኘለትም። ስለዚህ ለብዙ አባወራ ነገሩ ክፉ ዓመት ከመሆን አልፎ የሥራ መለወጥ ሆነ። በዚህ ጊዜ «ታገሥ፤ ያልፋል» ብሎ መምከር ብቻውን ምክር አይሆንም፤ ትዕግሥት መልካም ቢሆንም የታመመ ማሳ በትዕግሥት አይድንምና።

አንዳንድ መምህራን ደግሞ ለእንዲህ ያለው ሰው ስለ ኃጢአቱ የተቀጣ አድርገው ይነግሩታል። እኛ ይህን አንቀበልም። ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ ኃጢአቱን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አላደረገም፤ ይህም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ተጽፏል። ማሳው የጠፋበት ጎልማሳ ከኪሳራው በላይ የኃፍረት ሸክም ሊጫንበት አይገባም።

ሥራን በዕድሜ አጋማሽ መለወጥ በቅዱሳት መጻሕፍት እንግዳ ነገር አይደለም። ማቴዎስ ከቀረጥ መቀበያው ተነሥቶ ሄዷል። የሚላኖ አገር ገዥ የነበረው አምብሮስዮስም በ374 ዓመተ እግዚእ ገና ሳይጠመቅ ለጵጵስና ተመርጧል። ሰባኪዎች ይህን ሲናገሩ አብዛኛውን ጊዜ የመነሣቱን ሰዓት ብቻ ያጐላሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም ትምህርት ይዘሉታል። ሙሴን እንመልከት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 እንደ ተጻፈው አርባ ዓመት ሲሞላው ከግብጽ ወጣ፤ አርባ ዓመትም በምድያም ተቀመጠ። ያን ጊዜ በግ ይጠብቅ ነበር፤ ውኃው የት እንዳለ፣ መንጋ በቀን ምን ያህል እንደሚጓዝ፣ ሌሊት ምድረ በዳው እንዴት እንደሚበርድ በዚያ ተማረ። በኋላ ሕዝቡን የመራው በዚያው ምድረ በዳ ነው። የእረኝነቱ ዘመን ባክኖ እንዳልቀረ ከዚህ እንረዳለን።

ዝንጅብል ተካዩም እንዲሁ ነው። ማሳው ቢጠፋበትም ውኃ የማይተኛበትን ተዳፋት መለየት፣ ምርትን አጥቦ በፀሐይ ማድረቅ፣ በሚዛን ፊት ከነጋዴ ጋር መከራከር ከእርሱ ጋር አሉ። ቡና ቢያደርቅ ወይም በርበሬ ቢነግድ ይህ ሁሉ ይጠቅመዋል። ስለዚህ የንስሐ አባት «ምን ጠፋብህ?» ከማለቱ አስቀድሞ «ምን ታውቃለህ?» ብሎ ቢጠይቀው ይሻላል እንላለን።

ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ ሌላ ምሳሌ ነው። ለስብከት ሲጠራ ድንኳን መስፋቱን አልተወም፤ በቆሮንቶስ በአቂላና በጵርስቅላ ቤት ሲሠራ እናገኘዋለን። አዲሱ ሥራ እስኪጸና ድረስ አሮጌውን በአንድ እጅ መያዝ ነውር የለበትም።

ከዝንጅብል ወደ ሌላ አዝመራ መሻገርም ማስተዋል ይጠይቃል። የዚሁ ተሕዋስ ወገን ቲማቲምን፣ ድንችንና በርበሬን ያጠቃል፤ በታመመው ማሳ ላይ ቸኩሎ ድንች የሚተክል ሰው ከሸሸው ጠላት ጋር ይገናኛል። በቆሎና ሌላ እህል ግን ለዚያ ማሳ ይስማማዋል። ወደ እንሰት የሚመለስም እንደ አገሩ ከፍታ ከ4 እስከ 7 ዓመት መጠበቅ አለበት፤ በእነዚያ ዓመታት የቤቱ ሰው ከምን ይበላል? ይህም ብቻ አይደለም። እንሰቱን መፋቅ፣ መጭመቅ፣ በጉድጓድ ማብላላት በአገሩ ልማድ የሴቶች ሥራ ነው። ባል ሥራ ለወጠ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጨምረው የሚስት ድካም ነው። ስለዚህ ምክሩ ሁለቱም በተቀመጡበት ይሁን። ለዘር መግዣ ተበድሮ ዕዳውን ከሚስቱ የደበቀ ባል ቢኖር ካህኑ ዕዳው በሁለቱ መካከል እንዲገለጥ ያግዘው፤ በተሸሸገ ዕዳ ላይ የተመሠረተ አዲስ ሥራ አይጸናምና።

ሌላው መንገድ አገር ለቆ መሄድ ነው። ከዚህ ቀደም የከምባታና የሐዲያ ሰዎች በ1946 ዓ.ም. ሥራ ወደ ጀመረው ወደ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሸንኮራ እርሻ ለቀን ሥራ ይወርዱ ነበር። ያ ጉዞ ድካም ቢኖረውም መሬቱ በስማቸው ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። በእኛ ዘመን ከሆሳዕናና ከከምባታ ከተሞች ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደው መንገድ ግን ሌላ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፣ ቴቴ በሚባለው አገር፣ በአንድ የጭነት መኪና ውስጥ የ64 ኢትዮጵያውያን ሬሳ ተገኝቷል፤ በሕይወት የተገኙት 14 ብቻ ነበሩ። ወጣት የሚሄድበትን ምክንያት እናውቃለን፤ ሄደው ቤተሰባቸውን የረዱም አሉ። ነገር ግን የአርባ አምስት ዓመት አባወራ መሬቱንና በሬውን ለደላላ ገንዘብ ሲያወጣ የመመለሻውን ቦታም አብሮ ይሰጣል። ካህኑ ለዚህ ጉዞ ጸሎት ሲለመን ይጸልይለት፤ ከጸሎቱ በፊት ግን የቴቴን ነገር ሳይደብቅ ይንገረው።

ብዙ ጎልማሶችን ከአዲስ ሥራ የሚከለክላቸው የችሎታ ማነስ ብቻ አይደለም፤ የሰው አፍም ነው። በአገራችን ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው በነቀፋ ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ በአንዳንድ ስፍራም ከማዕድ ይለዩ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡ ግን ከአፍ አልጠፋም። ገበሬ የነበረ ሰው በስተርጅና ሸማ ቢሠራ ወይም ብረት ቢቀጠቅጥ ልጆቹ የሚያገቡት እንዳያጡ ይፈራል። ይህን ፍርሃት ማንሣት ከማንም በፊት የካህናት ግዴታ ነው። ኦሪት ዘጸአት የድንኳኑን ሥራ የሠራው ባስልኤል መንፈስ ቅዱስ የሞላበት እንደ ነበረ ይናገራል፤ አረጋዊው ዮሴፍም ጠራቢ ነበር። ይህን እያነበብን በቀጥቃጭ ቤት ቡና ለመጠጣት የምናመነታ ከሆነ ምእመናን የሚያምኑት ንባባችንን ሳይሆን እግራችንን ነው።

ታላላቅ ሰዎችን በምሳሌ መጥቀስ ቀላል ነው። በ1860 ዓ.ም. በሕፃንነታቸው ከመቅደላ የተወሰዱት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ከስድሳ ዓመታቸው በኋላ ከሕክምና ወደ ጨርጨር ገዥነት፣ ከዚያም በሎንዶን ወደ መልእክተኛነት ተሸጋግረዋል። እርሳቸው ግን ትምህርትና የንጉሥ እምነት ነበራቸው። ለሙዱላው ገበሬ ይልቅ የሚቀርቡት በ1983 ዓ.ም. ከተበተነው ሠራዊት ወደየቀያቸው የተመለሱት ናቸው። ቍጥራቸው ከ400 ሺህ በላይ ነበር፤ ብዙዎቹ ከጠመንጃ በቀር ሌላ ሙያ አልነበራቸውም። ዘበኛ የሆነ፣ ድንጋይ የፈለጠ፣ በአባቱ ማሳ ላይ እንደ ገና ሞፈር መያዝ የተማረ ሁሉ ከእነርሱ መካከል ነበር። በየመንደሩ ዛሬም የሚያስታውሷቸው አሉና ምክር የሚፈልግ እነርሱን ይጠይቅ።

እዚህ ላይ ለእኛ ለካህናት የማይጣፍጥ ነገር እንናገራለን። ሥራ በሚለውጥ ቤት ውስጥ ተዝካርና የክርስትና ድግስ እንደ ቀድሞው እንዲሰፋ መጠበቅ የዘሩን ገንዘብ መብላት ነው። ጸሎተ ፍትሐቱ አይጓደል፤ በሬው ግን ይቆይ። ጎረቤት ቢያማም ካህኑ «እኔ መከርሁት» ብሎ በአደባባይ ይቁምለት። በገጠር የሚኖር ካህን ራሱም አራሽ ነውና አዲሱን አዝመራ በገዛ ጓሮው ቢሞክረው ከረጅም ስብከት የበለጠ ይሰማለታል።

ዝንጅብሉም ጨርሶ የተረሳ አይደለም። ተመራማሪዎች ከበሽታ የጸዳ ዘር በቤተ ሙከራ ለማብዛት ሠርተዋል። እንደ ገና ሊተክል የሚወድ ሰው ከገበያ ያገኘውን ዘር አይመን፤ ዝንጅብል ታሞበት የማያውቅ መሬት ይምረጥ፤ የላይኛው ማሳ ጎርፍ እንዳይገባበት ቦይ ይቁረጥ፤ ከጎረቤት የተዋሰውንም ዶማ አጥቦ ይግባ። ለመጀመሪያው ዓመት የጓሮው አንድ ጥግ ይበቃዋል፤ የቀረው በቆሎውንና በመካከሉ የጀመረውን አዲስ ሥራ ይያዝ።