የተሰናባች ሠራተኛን የሊኑክስ መለያ መዝጋት፦ የ«ዩዘርሞድ» ትእዛዝ ወሰን
በምሥራቅ አዲስ አበባ በአይሲቲ ፓርክ እንደሚገኙት ባሉ የመረጃ ማዕከላት የተቀመጠ የሊኑክስ ሰርቨር፣ አስተዳዳሪው ቦሌ ካለ ቢሮ ሆኖ በትእዛዝ መስመር ሊያዝዘው ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛ ሲሰናበት የመግቢያ ካርዱን መረከብ ብቻውን አይበቃም፤ የተጠቃሚ መለያውም መዘጋት አለበት።

«ዩዘርሞድ» የተሰኘው ትእዛዝ በትልቁ «ኤል» አማራጭ የይለፍ ቃሉን ይቆልፋል፤ ይኸውም በ«ሻዶው» ፋይል ውስጥ ከተመሰጠረው ቃል ፊት ቃለ አጋኖ በመጨመር ነው። ይሁን እንጂ በኤስኤስኤች ቁልፍ የሚገባ ሰው የይለፍ ቃል ስለማይጠየቅ በሩ ክፍት ሆኖ ሊቆየው ይችላል። በመሆኑም በትንሹ «ኢ» አማራጭ የመለያውን ማብቂያ 1 ማድረግ ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጠር ቀን ስለሆነ መለያው ጊዜው ያለፈበት ይሆናል። አስቀድሞ የተከፈተ ግንኙነት ግን በዚህ አይቋረጥም፤ ለብቻው ሊዘጋ ይገባል።