ከእንገር እስከ አይጥ፦ እናት ድመት ልጆቿን የምታሳድግበት መንገድ

ድመት የምትወልደው ሰው በማያስበው ቦታ ነው፤ ቆጥ ላይ፣ አሮጌ ጆንያ ውስጥ፣ አልጋ ሥር። ቤተሰቡ የሚያውቀው የግልገሎቹን ጩኸት ሲሰማ ነው። ወዲያው አንዱ ልጅ የላም ወተት በሳህን ይዞ ይሮጣል። ልጁ አዝኖ ነው፤ ነገር ግን እናትየው ካለች ያ ሳህን አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ቀን

ድመት 9 ሳምንት ያህል አርግዛ ትወልዳለች። ግልገሉ ሲወለድ 100 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ዓይኑ አልተገለጠም፣ ጆሮው አልተከፈተም፣ ጥርስም የለውም። እናቱ የተጠቀለለበትን ስስ ሽፋን በምላሷ ትገፍፋለች፣ እትብቱን በጥርሷ ትቆርጣለች፣ እንግዴ ልጁንም ትበላዋለች። «ድመት ልጇን ስትበላ አየሁ» ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ ያዩት ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም። ሞቶ የተወለደ ግልገል የምትበላበት ጊዜ ግን አለ።

ከዚያ እንገሩ ይመጣል። ግልገሉ በማህፀን ሳለ ከእናቱ ደም የሚያገኘው የበሽታ መከላከያ በጣም ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። አንጀቱ ደግሞ ያንን መከላከያ ወደ ደሙ የሚያሳልፈው ከተወለደ በኋላ ለ16 ወይም ለ18 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ያ ሰዓት ካለፈ በኋላ ወተት እስኪጠግብ ቢጠባም ያመለጠውን አያገኘውም። በተወለዱበት ቀን ግልገሎችን ከእናታቸው ማንሳት ክፉ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጡቱን የሚያገኘው በማሽተት ነው

የማያይና የማይሰማ ፍጥረት ጡት እንዴት ያገኛል? የእናቱን ሙቀት ተከትሎ ይሳባል፣ ራሱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ሆዷን ይዳስሳል፣ በመጨረሻም አፍንጫው ይመራዋል። ድመት ብዙውን ጊዜ 8 ጡት አላት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙዎቹ ግልገሎች የየራሳቸውን ጡት ይለያሉ፤ ወንድሙ ቦታውን ቢይዝበት ገፍቶት ይገባል።

እየጠባ በፊት እግሮቹ ጡቱን ተራ በተራ ይጫናል፤ ይህ ወተቱ እንዲወርድ ይረዳል። ያደገ ድመት ብርድ ልብስ ላይ ወጥቶ እንደዚያው ሲረግጥ ካያችሁት፣ ከጡት ዘመኑ የቀረ ልማድ ነው።

ምላሷ የምትሠራው

በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ገደማ ግልገሉ ያለ እርዳታ ሽንትም ሆነ ዓይነ ምድር አይወጣለትም። እናቱ ከጅራቱ ሥር ስትልሰው ነው የሚወጣለት፤ የወጣውንም እሷው ትውጠዋለች። ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል። እሷ ግን ጎጆዋን በዚህ መንገድ ንጹሕ ታደርጋለች፣ አውሬ የሚጠራውንም ሽታ ታጠፋለች። ቦታው ካልተመቻት ልጆቿን አንድ በአንድ ማጅራታቸውን ነክሳ ወደ ሌላ ታዛውራለች፤ ግልገሉ ማጅራቱ ሲያዝ እግሮቹን ሰብስቦ ዝም ይላል።

መጀመሪያ ትመጣለች፣ በኋላ ትሸሻለች

የማጥባቱ ዘመን አንድ ዓይነት አይደለም። አሜሪካዊው ጄይ ሮዘንብላትና ባልደረቦቹ ነገሩን በቅርብ ተከታትለው በሦስት ከፍለውታል። መጀመሪያ እናትየው ራሷ ወደ ልጆቿ ትሄዳለች፤ ተኝታ ትከባቸዋለች፣ ትልሳቸዋለች፣ ጡቷን ትሰጣለች። ዓይናቸው ተገልጦ (ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ) መራመድ ሲጀምሩ ግን እነሱም ይፈልጓታል፣ እሷም ትቀበላቸዋለች። በመጨረሻ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ የሚያሳድዱት ልጆቹ ብቻ ይሆናሉ። እሷ በሆዷ ትተኛለች፣ ቁም ሳጥን ላይ ትወጣለች፣ ሲብስባትም በጥፊ ትመታቸዋለች።

ሰው ይህን ሲያይ «ጨከነች» ይላል። አልጨከነችም። ጥርሳቸው ወጥቷል፣ ወተቷም እየቀነሰ ነው፤ ጡት እያስጣለቻቸው ነው።

አይጥ ይዛ ስትመጣ

ከ4ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ የምታድን እናት ሥጋ ታመጣለች። መጀመሪያ የሞተ አይጥ አምጥታ ፊታቸው ትበላለች፣ ቀጥሎ እንዲበሉት ትተውላቸዋለች፣ በኋላ ሕያው አይጥ አምጥታ ትለቅላቸዋለች። ሲያመልጣቸው መልሳ የምትይዘው እሷ ናት።

ልጆቹ ምን እንደሚበላ የሚማሩት ከአፏ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዋንዳ ዊርዊካ የተባለች ተመራማሪ እናት ድመቶችን ሙዝ እንዲበሉ አለማመደች፤ ሙዙን ሲበሉ አንጎላቸው በቀላል ኤሌክትሪክ እየተነካ ደስታ ይሰጣቸው ነበር። ማንም ያልነካቸው ልጆቻቸውም እናታቸውን አይተው ሙዝ በሉ። አይጥ እንዲይዝልን ድመት የምናሳድግ ሰዎች ልብ ልንለው የሚገባ ነው፤ አይጥ ከምታድን እናት ጋር የቆየ ግልገል የተሻለ አዳኝ ይሆናል።

ለእናትየው ምን እንስጥ?

የምታጠባ ድመት ከወትሮው ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ምግብ ትፈልጋለች፤ ፍላጎቷ የሚበረታው በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት ነው። ድመት ሥጋ በል ናትና በእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ አትዘልቅም። የሥጋ ትርፍ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ንጹሕ ውኃ አጠገቧ ይሁን። ጡቷ ከደደረ፣ ካቃጠለና ልጆቿን ማጥባት እምቢ ካለች ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።

እናት የሌለው ግልገል

የላም ወተት ለግልገል ድመት አይሆንም። የድመት ወተት ፕሮቲኑ ከላም ወተት ከእጥፍ በላይ ነው፣ የላም ወተት ደግሞ ያስቀምጠዋል፤ 100 ግራም ለሚመዝን ፍጥረት ተቅማጥ ሞት ነው። ለግልገል ድመት ተብሎ የተዘጋጀ የወተት ዱቄት ከተገኘ እሱን ስጡ። የምታጠባ ሌላ ድመት በሰፈሩ ካለች ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ ብዙዎቹ የሌላውን ልጅ ይቀበላሉ።

የቀዘቀዘ ግልገል ምግብ አይፈጭምና አስቀድማችሁ አሙቁት። በሆዱ አስተኝታችሁ በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ጥቂት በጥቂት መግቡት። በጀርባው ካስተኛችሁት ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባል። ከበላ በኋላ ሞቅ ባለ ውኃ በተነከረ ጥጥ ከጅራቱ ሥር አሹት።

እናት ያለውን ግልገል ግን ተዉላት። ጎረቤት መጥቶ የአንድ ወር ግልገል ልውሰድ ቢላችሁ፣ ሌላ አንድ ወር እንዲታገሥ ንገሩት።