ትራይግሊሰራይድ ሲበዛ መፍትሔው ከገበታ ይጀምራል

ትራይግሊሰራይድ በደም ውስጥ የሚዘዋወር የስብ ዓይነት ነው። ከሚያስፈልገን በላይ የወሰድነውን ስኳር፣ ዱቄትና አልኮል ጉበት ወደዚህ ስብ ይለውጠዋል። ያለ ምግብ ተቆይቶ ሲመረመር፣ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ150 ሚሊግራም በታች ቢሆን ይመረጣል። ከ500 ሲያልፍ ቆሽት በድንገት እንዲቆጣ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህም ለሕይወት ያሰጋል።

ብዙዎች ቅቤና ሥጋ መተው ብቻ የሚበቃ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በጾም ወቅትም ቢሆን ለስላሳ መጠጥ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ነጭ ዳቦና ፓስታ ማዘውተር መጠኑን ከፍ ያደርገዋል።

ስለዚህ፦
1. ሻይና ቡና ያለ ስኳር መልመድ፤
2. እንጀራውን ቀንሶ ምስር፣ ሽሮና ጎመን ማብዛት፤
3. ጠጅ፣ ቢራና አረቄን መተው፤
4. በሳምንት 5 ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድና ክብደት መቀነስ።

እናቶች ሆይ! ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል ይህን ስብ ሊጨምር ስለሚችል፣ ውጤታችሁን ለጤና ባለሙያ ንገሩ። እንክብሉን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ እንደ ሉፕ ያሉ ሌሎች አማራጮች አሉ። እርግዝናም መጠኑን ስለሚጨምር፣ ከማርገዝ በፊት መማከር ይበጃል።

ባልና ሚስት ከአንድ ገበታ ይበላሉና ለውጡንም አብረው ይጀምሩ።