የፖሊዮ ክትባት መቼ ያልቃል?

ተመራማሪዎቹ በላቸው ኤታናና ዋቅጋሪ ደሬሳ በአምቦ ወረዳ አጥንተው በ2004 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ ውስጥ ሊታረቁ የማይችሉ የሚመስሉ ቁጥሮች አሉ። ስለ ክትባት የሰሙት እናቶች 96 በመቶ ገደማ ናቸው፤ ጥቅሙን 79.5 በመቶዎቹ ያውቃሉ። ከ12 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ልጆች መካከል ግን በካርድም በእናት ቃልም ተቆጥሮ ሁሉንም ክትባት የጨረሱት 36 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሩብ የሚጠጉት አንድም አልተከተቡም።

እናቶቹ ክትባት ጠልተው ይሆን? ጥናቱ የሚያሳየው ሌላ ነው። ክትባት በስንት ዕድሜ እንደሚጀመር፣ በተለይም መቼ እንደሚያልቅ የምታውቅ እናት ልጇን የማስጨረስ ዕድሏ በጣም የሰፋ ነበር። የእርግዝና ክትትልና በጤና ተቋም መውለድም ረድተዋል። ከተማ ወይም ገጠር መኖር ግን ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አላመጣም። ስለዚህ ገጠር የምትኖርን እናት «ሩቅ ስለሆነች ነው» ብለን ማለፍ አንችልም። «ክትባት ይጠቅማል» ብቻ ብለን ቀኑን ሳንነግራት መሸኘታችን ያስቆጨኛል።

የፖሊዮን ብንወስድ ቀኑ ይህ ነው፤ ጠብታው ልጁ እንደተወለደ፣ ከዚያም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። በ14ኛው ሳምንት መርፌም አለው። የሚደጋገመው ያለ ምክንያት አይደለም። በጠብታው ውስጥ ያለው የተዳከመ ሕያው ቫይረስ የሚሠራው አንጀት ውስጥ ሲራባ ነው፤ በልጁ አንጀት ውስጥ ሌሎች ቫይረሶች ካሉ አንዱ ጠብታ ሳይዝለት ሊቀር ይችላል። በመርፌው ያለው ቫይረስ ግን የሞተ ነው።

በዘመቻ ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች «ባለፈው ወስዷል፤ አሁን ደግሞ ለምን?» ይባላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተጨማሪ ጠብታ ጉዳት የለውም። ይሁንና ወላጅ ሙሉውን እውነት ሊሰማ ይገባዋል። ከ2.7 ሚሊዮን የመጀመሪያ ጠብታዎች በአንዱ ገደማ የተዳከመው ቫይረስ ራሱ ሽባነት ሊያመጣ ይችላል። ያልተከተቡ ልጆችን የያዘው የፖሊዮ ቫይረስ ግን ከ200 አንዱን ለዘለቄታው ሽባ ያደርጋል።

ሌላም መነገር ያለበት አለ። አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ነሐሴ 2012 ዓ.ም. ታውጇል፤ በአገራችን በዚህ ቫይረስ የተያዘው የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በ2006 ዓ.ም. ነበር። ሆኖም በ2011 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ፖሊዮ (የልጅነት ልምሻ) እንደገና ታየ። ምንጩ ከክትባቱ የመጣ ቫይረስ ነበር። ይህ የሚሆነው ብዙ ልጆች ሳይከተቡ በቀሩበት ስፍራ ነው፤ የተዳከመው ቫይረስ ካንዱ ወዳንዱ ለረጅም ጊዜ ሲተላለፍ ተለውጦ ጉልበቱን መልሶ ያገኛል። አብዛኛው ልጅ በተከተበበት ቀበሌ መተላለፊያ ያጣል። የዚህ ቫይረስ መድኃኒቱም ብዙ ልጆችን መከተብ ነው።

ጠብታውን የሚያሰጋው ሌላው ነገር ሙቀት ነው። በብልቃጡ ላይ በክብ ውስጥ የተሣለ ትንሽ ካሬ አለ፤ ካሬው ከክቡ ሲነጣ ክትባቱ ይሰጣል፤ ከክቡ ጋር እኩል ከጠቆረ ወይም ከባሰ ይጣላል። ማንኛዋም እናት «አሳዩኝ» ልትል ትችላለች።

ቀጠሮ ያለፈበት ልጅ ከመጀመሪያው አይጀምርም። ካርዱን ይዞ ወደ ጤና ኬላው መመለስ፣ ካቆመበትም መቀጠል ይበቃዋል።